ቍጣ ከወዴት ይነሣል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፣ ባለፈው ዐቢይ ጾም ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተጣልቼ ሦስት ሳምንት አላናገርሁትም። እናቴ «ምነው ልጄ?» ስትለኝ «ስሜቴ ነው፤ ምን ላድርግ?» እላት ነበር። ለመሆኑ ስሜት ሰውን እንዲህ የሚገዛ ጌታ ነውን? የሥነ ልቡና ሊቃውንት የተከራከሩበትን ጥቂት እንመልከት።

አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1884 እ.ኤ.አ. «ሰውነት ይቀድማል» የሚል ሐሳብ አቀረበ። አስቀድሞ ልባችን ይመታል፣ እጃችን ይንቀጠቀጣል፤ ፍርሃት ወይም ቍጣ የምንለውም ያንን የሰውነት ለውጥ ማወቃችን ነው። የዴንማርኩ ሐኪም ካርል ላንግም በ1885 ወደዚሁ የቀረበ ሐሳብ ጻፈ። ዋልተር ካነን ግን በ1927 ተቃወመ። ልብ በፍርሃትም በቍጣም ይመታልና በልብ ምት ብቻ አንዱን ከሌላው እንዴት እንለያለን? ምንጩ አንጎል ነው አለ። በ1962 ደግሞ ስታንሊ ሻክተርና ጀሮም ሲንገር ለተማሪዎች «ቫይታሚን ነው» ብለው አድሬናሊን በመርፌ ሰጡ። ልባቸው ለምን እንደሚመታ ያልተነገራቸው፣ አጠገባቸው ያለው ሰው ሲደሰት ወደ ደስታ፣ ሲቆጣም ወደ ቍጣ እንዳዘነበሉ ጻፉ። ሰውነት ይነሣሣል፤ ስም የሚያወጣለት ግን አእምሮ ነው ማለታቸው ነው። ሙከራውን በኋላ የደገሙት ያንኑ ውጤት ሁልጊዜ አላገኙም፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ወገኖቼ፣ ሊቃውንቱ የተለያዩት ስሜት ከወዴት እንደሚጀምር ነው። የተቆጣ ሁሉ ይመታ ዘንድ ግድ ነው ግን አላሉም።

ቃየንን አስቡ። ፊቱ ጠቍሮ ሳለ እግዚአብሔር ጠየቀው፤ መከረውም። እጁ ገና አልተነሣም ነበር። በቍጣውና በግድያው መካከል ጊዜ ተሰጥቶት ሳለ አልተጠቀመበትም። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፤ ስለዚህ ማዘንና መቆጣት በራሱ በደል አይደለም። በደሉ ስሜትን ዙፋን ላይ ማስቀመጥ ነው።

የእኔን ቍጣ ወሬ የሚያቀብሉኝ ጓደኞቼ «ክብር» ብለው ስም አወጡለት፤ እኔም ተቀበልሁ። ኩርፊያ መሆኑን የነገረኝ ግን የንስሐ አባቴ ነው።

በሆሣዕና ዋዜማ ወንድሜ ወደ ተኛበት ክፍል ሄድሁ። ልቤ ይመታ ነበር፤ ከፍርሃት ይሁን ከፍቅር ዛሬም አላውቅም። እግሬ ግን ሄደ። ገና አፌን ሳልከፍት «ወንድምዓለም» ብሎ ተነሣ።

እናንተስ፣ ያላናገራችሁት ማን አለ? ስሜታችሁ እስኪለወጥ አትጠብቁ፤ ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።