ዝገትና የባልንጀራ ነፍስ

የንባብ ክፍል፦ ዘዳግም 22፥8፤ ማቴዎስ 6፥19-21



የዛሬው ትምህርታችን ከጋራዥ የመጣ ስለሆነ አንዳንዶቻችሁ ትገረሙ ይሆናል። ነገር ግን በእኛ በአረካ ከወጣቶቹ መካከል ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የሚነዱ፣ በአይሱዙ ላይ ረዳት የሆኑ፣ በጋራዥ የሚሠሩ ጥቂቶች አይደሉም። እሑድ ከእኛ ጋር ይዘምራሉ፤ ሰኞ ጠዋት ሰውና ዕቃ ጭነው ወደ ሶዶ ወይም ወደ ሆሳዕና መንገድ ይወጣሉ። ስለዚህ ስለ ብሎንና ስለ ዳዶ መነጋገር ለእኛ ስለ ሰው ነፍስ መነጋገር ነው።

ጌታችን በተራራው ስብከት፣ ዝገት በሚያበላሸው ነገር ላይ ሀብታችንን እንዳናከማች አስተምሮናል። ይህን ቃል ለስንፍናው መሸሸጊያ የሚያደርግ ሰው አለ። «ዞሮ ዞሮ መዛጉ አይቀርም፤ ምድራዊ ነገር ነው» ይላል። ጌታ የከለከለው ግን ልባችንን በሚዝግ ነገር ላይ ማሳረፍን ነው እንጂ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ብረት ችላ እንድንል አላዘዘም። እንዲያውም በሙሴ ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በባለቤቱ ላይ ነውና። በዚያ አገር ጣራው ጠፍጣፋ ስለነበረ ሰው ይቀመጥበት ነበር። የእኛ ጣራ ሣር ወይም ቆርቆሮ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። ሰው የሚቀመጠው በመኪናችን ላይ ነው። እንግዲህ የእኛ መከታ የጎማ ብሎን፣ የባሌስትራ ማሰሪያና የመሪ ዳዶ ነው።

ዝገት እንዴት ይሠራል? ብረት ውኃና አየር ሲያገኘው ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ዝገቱ ደግሞ ከተበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ያብጥና ይጨናነቃል። በዚህ ጊዜ ብሎኑ አልፈታ ይላል፤ የማያውቅ ሰው ጠንክሮ የያዘ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ብሎኑ ውስጥ ለውስጥ እየሳሳ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ የደከመው ጠንካራ መስሎ ይታያልና።

በአገራችን ዝናብ በበልግም በክረምትም አለ። የገጠሩ መንገድ ቀይ ጭቃ በሻንሲው ማዕዘንና በብሎኑ ራስ ዙሪያ ይለጠፋል። ፀሐይ ሲወጣ መኪናው ከላይ ይደርቃል፤ ጭቃው ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ሆኖ ውኃውን በብረቱ ላይ ያቆያል። ማዳበሪያ የሚጭኑ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። ዋዱ እየተባለ ይጠራ የነበረው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1960ዎቹ ማዳበሪያ ለገበሬው በብድር ያቀርብ ነበር፤ ዛሬም ጆንያው በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ቦሎሶ ሶሬ ቀበሌዎች ይሄዳል። ከተቀደደ ጆንያ የሚፈስሰው ብናኝ ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረትን ከተራ ውኃ ፈጥኖ ይበላል። ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚመጣው ጨውም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ጭነት ካራገፋችሁ ሳታድሩ በብዙ ውኃ እጠቡ፤ ከሥርም ጭምር።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ጭቃውን ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በሽቦ ብሩሽ እስከ ንጹሑ ብረት መፈግፈግ፣ ከዚያም የሚቀባውን በጸረ ዝገት ቀለም፣ የሚፈታውን ብሎን በጥቂት ግራሶ መሸፈን ነው። ቅደም ተከተሉ አይዛባ። በዝገት ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው ዝገቱን ከዓይን ሰወረው እንጂ አላቆመውም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 24 ስለ ዛገችው ድስት የተናገረውን አንብቡ፤ ያ ዝገት በእሳት እንኳ አልለቀቀም። እምቢ ያለውን ብሎን በኃይል አትጠምዝዙ፤ ይቆረጣል። በናፍጣ አርሱት፣ በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ ቀጥቅጡት፣ አሳድሩት። ደግሞ ቅባት በሁሉ ስፍራ አይጠቅምም። የፍሬን ሸራ ቅባት ከነካው መኪናው አይቆምም። የጎማ ብሎንም ጥርሱ በግራሶ ከተሞላ ሳይታወቅ ከልክ በላይ ይጠብቅና ይለጠጣል፤ እርሱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ይበቃል።

ትንሽ ነገር ነው የሚል ቢኖር ይህን ይስማ። በአሜሪካ በኦሃዮ ወንዝ ላይ ሲልቨር ብሪጅ የተባለ ድልድይ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1928 የተሠራ ሲሆን በ1967 በታኅሣሥ ወር መኪኖች እንደ ሞሉበት ወደቀና 46 ሰዎች ሞቱ። ሲመረመር፣ ከተንጠለጠለባቸው ብረቶች በአንዱ መጋጠሚያ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ስንጥቅ ተገኘ። ዝገትና ጭነት ተባብረው ለብዙ ዓመት አሳድገውት ነበር። መጋጠሚያው ሳይፈታ ስንጥቁን ማየት አይቻልም ነበር።

የእኛ ችግር ግን ብዙ ጊዜ አለማየት አይደለም። ረዳቱ ጎማ ሲቀይር ከስድስቱ ብሎን ሁለቱ እንደ ተበሉ ያያል። ለባለቤቱ ይነግራል። ባለቤቱም «የዛሬውን ገቢ አስገባና ነገ እንሠራዋለን» ይለዋል። ነገ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። በዘፀአት 21 እንደ ተጻፈው፣ በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ያላሰረው ሰው ዕዳው ካልተነገረው ሰው ይልቅ ይከብዳል። ባለ መኪኖች ሆይ፣ አሥራታችሁን እናውቃለን፣ እናመሰግናችኋለን፤ ነገር ግን ለአንድ ብሎን የማይተርፍ ገቢ ከየት እንደ መጣ ራሳችሁን መርምሩ።

ለረዳቱ ወንድማችንስ ምን እንላለን? «ጋሼ፣ ይህ ሳይቀየር ሰው አልጭንም» በል ማለት ለእኛ ቀላል ነው። እርሱ ግን እንዲህ ባለ ማግሥት ሥራ ሊያጣ ይችላል፤ ቤቱ እናትና ታናናሾች አሉበት። እንዲህ የሆነ አባል ቢኖረን የዚያን ወር እህል ከማን ጎተራ እናወጣለን? በሚመጣው እሑድ ከትምህርት በኋላ በዚህ ላይ እንነጋገር፤ መኪና ያላችሁም አትቅሩ።