ድንጋይን ማክበርና ለድንጋይ መስገድ

ልጆቼ፣ ኦሪት የተቀረጸ ምስል ሠርተን እንዳንሰግድለት ታዛለች። ወላጆቻችን ጎንደር ሳሉ በዚህ ትእዛዝ ጸንተው ኖረዋል። እዚህ አገር ግን ትልቅ የድንጋይ አንበሳ ሲከበር እናያለን። «ይህ ከጣዖት በምን ይለያል?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ አይፈረድበትም። እኔም ብዙ አስቤበታለሁ።

አንበሳው ያለው በሰሜን፣ ከቂርያት ሽሞና ከተማ አጠገብ፣ በቴል ሐይና በክፋር ጊልዓዲ መካከል ባለው መካነ መቃብር ነው። አብርሃም ሜልኒኮቭ የሚባል ቀራጺ ሠርቶት በ1934 ተመረቀ። ራሱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ያገሳል። በ1920 ቴል ሐይ ላይ በተደረገው ውጊያ ዮሴፍ ትሩምፔልዶርና አምስት ጓደኞቹ ሞቱ። ከዚያ ቀደም ብለው ከተገደሉት ሁለቱ ጋር ስምንት ሆኑ። ከስምንቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ስማቸው እዚያው ድንጋዩ ላይ ተጽፏል። ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከእነሱ ነው፤ ሽሞና ማለት ስምንት ነውና።

እናቴ ወለቃ ሳለን ሸክላ ሠሪ ነበረች። ለቱሪስት የሚሸጥ ትንንሽ አንበሳ ከጭቃ ትሠራ ነበር። ማንም አልሰገደለትም፤ በዋጋው እህል ሸምተንበታል። ስለዚህ አንበሳ መሥራቱ ብቻውን ጣዖት ማምለክ ነው አልልም። ጉዳዩ ያለው በሚቆምበት ሰው ልብ ነው።

በአንበሳው ሥር፣ ስለ አገራችን መሞት መልካም ነው የሚል ቃል አለ። እዚህ ላይ አፌ አይደፍርም። በሱዳን መንገድ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን አልቀዋል። እነሱ የተነሡት ኢየሩሳሌም ገብተው ሊኖሩ ነበር። ስንቱን በጥድፊያ ቀብረን፣ ምልክት እንኳ ሳናኖር አለፍን! መሞታቸው መልካም ነው እንዴት ይባላል? መልካም የሚሆነው የሞተው ሰው ስሙን የሚጠራለት ሲያገኝ ነው።

ለእነዚያ ወገኖቻችንም በኢየሩሳሌም፣ በሄርጽል ተራራ፣ በ2007 መታሰቢያ ተመርቋል። ድንጋዩ «እነማን ነበሩ?» ብሎ ካስጠየቀ ሥራውን ሠርቷል። አበባ አስቀምጠን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ አንድ ስም ሳናውቅ ከተመለስን ግን ያከበርነው ድንጋዩን ብቻ ነው። ያ ደግሞ ኦሪት ወደከለከለችው ይጠጋል።

እናንተ አማርኛው ቢከብዳችሁም በዕብራይስጥም ቢሆን ጠይቁ። ከቤታችን በመንገድ የቀረው ማን ነው? የማን ልጅ ነበር? የት ተቀበረ? እኛ በሕይወት ሳለን ጠይቁን፤ ጻፉትም።