የብሩ ቀለምና የሻጩ ቃል



በአንዳንድ ቤት ከአያት የተወረሰ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በሳጥን ውስጥ ይገኛል። ብዙዎች ለመታሰቢያ ያኖሩታል፤ ሌሎች ግን ብርቅ ነው ብለው ይሰበስቡታል፣ ይገዙታል፣ ይሸጡታል። ከዚህም አንድ የሕሊና ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም፦ ብሩ እውነተኛ ሆኖ ሳለ መልኩ ብቻ ቢለወጥ ሐሰት ይባላልን?

ብር በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ወርቅማ፣ ቀጥሎም ቀይና ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። በራሱ ጊዜ የመጣውን ይህን ቀለም ሰብሳቢዎች ስለሚያከብሩት ተፈትጎ ከሚያብለጨልጨው ይልቅ ይመርጡታል። በዚህም ምክንያት ብሩን በእሳትና በድኝ አጥቁረው የዘመናት ቀለም የሚያስመስሉ አልታጡም።

ምናልባት አንዱ፦ «ጠገራው ራሱስ ይዋሽ የለምን?» ይለን ይሆናል። በእርግጥ ንግሥቲቱ በ1780 (እ.ኤ.አ.) ከሞተች በኋላ በቪየና፣ ከ1935 ጀምሮ በሮም፣ ከ1936 ጀምሮም በለንደን የተመታው ጠገራ ሁሉ «1780» የሚል ዓመት ይዟል። ነገር ግን ያ ቁጥር በገበያ ለሚቀበለው ሰው የታመነ ሚዛን ምልክት ነበረ፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከ1000 እጅ 833ቱም ንጹሕ ብር ነው። ተቀባዩ የጠበቀውን አገኘ፤ አልተታለለም። በእሳት የጠቆረውን የሚገዛ ግን ዋጋ የጨመረው ለዘመኑ ነው፤ ዘመኑ ደግሞ በብሩ ላይ የለም። በ1936 የተመታውን «በንግሥቲቱ ዘመን የተሠራ ነው» ብሎ የሚሸጥም በብሩ ያልነበረውን ሐሰት በአንደበቱ ይጨምርበታል።

እንግዲህ ሐሰት የሚኖረው ባልንጀራችን እንዲያምነው በምንሻው ነገር እንጂ በዕቃው አይደለም። ስለሆነም ዝምታም ሊያታልል ይችላል። የወረሰውን ብር የፈተገ ሰው ያንኑ ተናግሮ ቢሸጥ አይወቀስም፤ ታሪኩን የማያውቅም «አላውቅም» ቢል ይበቃዋል።

ፍርዱ በሻጭ ላይ ብቻ አያበቃም። ዋጋውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰብሳቢ፣ ችግር ያስጨነቃት አንዲት እናት የማታውቀውን ብርቅ ገንዘብ በተራ ብር ዋጋ ቢወስድባት፣ ቃሉ ውሸት ባይኖርበትም እጁ ንጹሕ ነውን? እኛስ አይደለም እንላለን። ዕውቀቱ ድካሟን መበዝበዣ ሆኗልና።

በጠገራው ጠርዝ ዙሪያ በላቲን «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ተቀርጿል። ብሩን የሚሰበስብ ሁሉ ቀለሙን ከመመርመሩ አስቀድሞ ጠርዙን ያንብብ።