መልክ፣ ጥበብና ጸበል

ክርስትና ውበትን ከመልክ ይለያል እንጂ መልክን አይጠላም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ 16ኛ ምዕራፍ ነቢዩ የእሴይን የበኵር ልጅ ቁመና አይቶ ሊቀባው ሲያስብ ይከለከላል፤ ሰው ፊትን ሲያይ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነውና። ያው ምዕራፍ ግን የተመረጠው ዳዊት መልከ መልካም እንደነበረ ሳይናገር አያልፍም። ሐዋርያው ጴጥሮስም የሴት ጌጥ ሹሩባ፣ ወርቅና ልብስ ሳይሆን የዋህ መንፈስ እንዲሆን ይመክራል። ምክሩን እንደ ክልከላ የሚወስዱ አሉ፤ ያን ጊዜ ግን ከሹሩባው ጋር ልብሱም ሊቀር ነው!

ጥያቄው የሚከብደው ክርስቶስ ላይ ሲደርስ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ እርሱ የተነገረ አድርጋ የምታነበው መዝሙር 44 ከሰው ልጆች ሁሉ ያማረ ይለዋል፤ ኢሳይያስ 53 ደግሞ መልክም ደም ግባትም የሌለው ይለዋል። አውግስጢኖስ ሁለቱን ያስታረቀው በተመልካቹ በኩል ነው፤ ሰቃዮቹ ያላዩትን ውበት ያመኑበት አይተውታል። በዚህ አነጋገር ውበት በሚታየው ብቻ ሳይሆን በሚያየውም ዓይን ይለካል።

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ፣ ነገሩ በአንድ ዳገት ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ታች ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ገበያ ነው፤ ላይ የእንጦጦ አድባራትና ጸበሉ። በዓል ሲቃረብ ነጫጭ ቀሚሶች በየሱቁ ደጅ ይሰቀላሉ፤ ከዚያ የተገዛው ነጠላ እሑድ ጠዋት መስቀለኛ ተጣፍቶ ቅዳሴ ይቆምበታል። ሠሪዎቹ አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን እያፈራረቀ፣ መወርወሪያውን በድሩ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲልክ ይውላል። በጠርዙ ላይ የሚያወጣው የቀለም ሥራ ጥበብ ይባላል፤ ያው ቃል የማስተዋልም ስም ነው። ቋንቋው ለሥራው ይህን የሚያህል ስም ሰጥቶ ሳለ ለሠሪው «ቁጢት በጣሽ» የሚል ስድብ አቆየለት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ሸማውን ለቅዳሴ እየለበሱ ሸማኔውን መናቅ ሳሙኤል ከተከለከለው ስሕተት የከፋ ነው፤ ነቢዩ ቢያንስ የናቀው ሰው አልነበረም።

«መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ይላል ያገሬው ሰው። እንጦጦ ላይ ታጥቦ የሚጠጣው ጸበል ነው። ጸበልተኛው ማለዳ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ጫማውንና ጌጡን አውልቆ ይቆማል፤ ኩል ቢኖር ውኃው ይወስደዋል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ብዙዎች ወደዚህ ዳገት ወጡ። ሰውነታቸው የከሳ፣ ቆዳቸው የቆሰለ፣ ከዘመድ የተገለሉ ነበሩ፤ በሽታው በመልክ የሚታወቅ ስለመሰለ የከሳ ሁሉ ይጠረጠር በነበረበት ዘመን የከሳ ሰው ለከሳ ሰው ውኃ የሚቀዳበት ቦታ ጥቂት ነበር። ይሁንና ጸበሉን ብለው መድኃኒታቸውን ያቆሙም ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጣሉና መድኃኒቱ ከጸበሉ ጋር ሊወሰድ እንደሚገባ ተናገሩ። ነፍስን አከብራለሁ ብሎ ሥጋን መተው የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት አይደለም።

ይህን መልክእ የተባለው የግእዝ የምስጋና ድርሰት ይመሰክራል። መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር አንድ በአንድ ለአካል ሰላምታ ይሰጣሉ። ሥዕሉም እንዲሁ ነው፦ ሠዓልያን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በአንድ እግር ያቆሟቸዋል፤ በጸሎት ብዛት የተሰበረው ሌላው እግር አጠገባቸው ይሣላል። በዓለም ዓይን ጉድለት የሆነው እዚያ የቅድስና መታወቂያ ነው።

ወደ እንጦጦ ስንመለስ፣ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ዳገት፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ ጣይቱ ልብሶች ዛሬ በደብሩ ሙዚየም ለጎብኚ ይታያሉ። ወደ ቤተ መቅደሱ የሚገባ ግን ማንም ይሁን ማን ጫማውን ደጅ ያወልቃል።