አሥር ጎማና ስድስት ጎማ

በ1950ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሁለት የሶቪየት የጦር ካሚዮኖች፣ ሸራ ለብሰውና ዱቄትና ጥይት ጭነው፣ የጥቅምት ዝናብ ካላቆጠው የሩሲያ መንገድ ደረሱ። ጥቁሩ አፈር የእኛን ዋልካ ያስንቃል። ሽማግሌው በ1948 መመረት የጀመረው ዚል-151 ነው፤ ወጣቱ በ1958 እሱን የተካው ዚል-157። ጭውውታቸውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ጭቃው ግን የእውነት ነው።

ሽማግሌው የወጣቱን የኋላ ጎማዎች አይቶ ሳቀ።

«ልጄ፣ ነጠላ ጎማ? ደሃ ቤት ነው እንዴ የተወለድከው? እኔን እይ፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ስምንት።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

ሽማግሌው ገባ። የፊት ጎማዎቹ ጭቃውን ሰንጥቀው ቦይ አወጡ። የኋላዎቹ ድርቦች ግን ከፊተኞቹ ሰፋ ብለው የተተከሉ ናቸውና በተከፈተው ቦይ ልክ አልገባ አሉ፤ የራሳቸውን ሌላ ቦይ መቆፈር ያዙ። በዚህ ላይ ጭቃው በድርቦቹ መሃል ገብቶ ተጠቀጠቀ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማው በባዶ ሾረ፣ አክስሉ አፈር ነካ። ቆመ።

ወጣቱ አልቸኮለም። ሾፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ የጎማዎቹን ንፋስ ከ3 ባር አንድ ባር እንኳ ወደማይሞላ አወረደው። ጎማዎቹ መሬቱ ላይ ተንጣለሉ።

«ምነው ተነፈስክ?» አለ ሽማግሌው ከተቀረቀረበት።

«መሬቱ ስላልቻለኝ ነው፣ ጋሼ።»

የፊት ጎማዎቹ ጭቃውን ጠቀጠቁ፤ የመካከሎቹና የመጨረሻዎቹ በዚያው ዱካ ተከተሉ። ደረቁ ላይ ሲወጣ ሞተሩ ንፋሱን መልሶ ሞላለት። ከዚያ ሽማግሌውን በገመድ ሳበው።

መሐንዲሶቹ በሞተሩ ጉልበት ላይ የጨመሩት ጥቂት ነበር። ዋናው ለውጥ የኋላው ጎማ የፊተኛው በከፈለበት ላይ እንዲሄድ ማድረጋቸው ነው፤ አፈሩን መጠቅጠቅ ነው ጉልበት የሚበላው፣ እሱንም አንዱ አክስል ከከፈለ ለሌሎቹ ይቀልላቸዋል። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ወታደሮቻችን የሚያውቁት ኡራልም የተሠራው በዚሁ ብልሃት ነው፦ ነጠላ የኋላ ጎማ፣ ከጋቢና የሚታዘዝ ንፋስ።

በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ኃላፊ ሲሾም የማየው የሽማግሌውን አካሄድ ነው። የቀድሞው ያስጠናው ጥናት መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል፣ ሌላ ጥናት ይታዘዛል፣ ያው መስክ እንደገና ይቆፈራል። ሥራው ሲንቀራፈፍ ደግሞ ሌላ ምክትል፣ ሌላ ክፍል ይጨመራል፤ በጎማ ላይ ጎማ። ተንፈስ ብሎ ሸክሙን ሰፋ ባለ መሬት ላይ ማሳረፍ፣ ማለትም ሥልጣኑን ለበታቾቹ ማካፈል፣ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል።

ፊተኛው ዱካ ወደ ገደል የሚወስድ ቢሆንስ የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ መሪ የተሠራው ለዚያ ነው። እኔ የማወራው ግን ማንም ገልጦ ሳያየው ስለሚቆለፍበት ጥናት ነው።