ሥራን ስለ ማካፈልና ስለ አእምሮ ዕረፍት

ሰውን የሚያደክመው የሥራ ብዛት ብቻ ነውን? ወይስ የአሠራርም ጉድለት አለበት?

ተማሪ ሳለሁ የነበሩን ዲሬክተር ደግና ትጉህ ሰው ነበሩ። ነገር ግን የዕቃ ቤቱም፣ የመጻሕፍት ቤቱም፣ የመዝገብ ቤቱም ቁልፍ ከኪሳቸው አይለይም ነበር። ጠመኔ የሚያድሉ እሳቸው፤ ያረፈደ ተማሪ የሚቀጡ እሳቸው፤ የሚያፈስ ጣራ የሚያስጠግኑም እሳቸው ነበሩ። ከዓመት ወደ ዓመት ፊታቸው ጠቆረ፤ ቍጣቸው በዛ፤ በመጨረሻም ይወዱት የነበረውን የተማሪ ድምፅ መስማት ሰለቹ። እኛም ክፉ ሆኑ አልን እንጂ ደከሙ አላልንም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን መዛል በበሽታዎች መዝገቡ ሲያሰፍር በሽታ ነው አላለም፤ በሥራ ቦታ ሰንብቶ በሚገባ ሳይያዝ የቀረ ጭንቀት የሚያመጣው ነው አለ። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ የኃይል ማለቅ፣ ልብን ከሥራ ማራቅ፣ የሥራም ፍሬ ማነስ። እንግዲህ የማስተዳደር ችሎታና የአእምሮ ጤንነት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም።

ይህን የጥንት ሰዎችም ያውቁት ነበር። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈው፣ ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው። በዚህም ምክር ሙሴ ሸክሙ ቀለለለት፤ ሕዝቡም ቆሞ ከመዋል ዳነ።

ማካፈል ግን መጣል አይደለም። ታማኙን መርጦ፣ ሥራውን አስረድቶ፣ ሥልጣንን ከኀላፊነት ጋር ሰጥቶ፣ በቀጠሮ መጠየቅ ነው። ሥራውን ሰጥቶ ሥልጣኑን የሚከለክል አለቃ ምንም አላካፈለም።

እርግጥ መምህርና መጽሐፍ በጎደለበት ቦታ ብልኀት ብቻውን አይበቃም፤ የጎደለውን ሁሉ በዲሬክተሩ ትከሻ ላይ መጫንም ግፍ ነው። ቢሆንም የማይቻለውን አልቻልኩም ብሎ ለበላይ ማስታወቅ ራሱ ከማስተዳደር ችሎታ ይቈጠራል።

ሁሉን ለብቻ መያዝ ትጋት ይመስላል። ሥሩ ሲመረመር ግን ብዙ ጊዜ «ከእኔ በቀር የሚችል የለም» የሚል ትዕቢት፣ ወይም እነቀፋለሁ የሚል ፍርሃት ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ዛሬ የክፍል አለቃ የሆነ ነገ የትምህርት ቤት ሹም ሊሆን ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን ከአሁኑ ተማሩ። አለቃችሁም ፊቱ ጠቁሮ ስታዩት፣ ክፉ ነው ከማለታችሁ በፊት ስንት ቁልፍ እንደ ተሸከመ ጠይቁ።