ሕያውነትና ስም

የሰው ልጅ እንደሚሞት አስቀድሞ ያውቃል። ይህን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ አለመሞትን ሲመኝ፣ ሲሰብክና ሲጽፍ ኖሯል፤ በቅርቡ ደግሞ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ሲፈልገው ይታያል። ይሁንና ሃይማኖት፣ ሥነ ጽሑፍና ሳይንስ ሕያውነትን ሲያነሡ ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ አይደሉም። ልዩነታቸውን ለመረዳት «ምን ይቀራል?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «የማን ይቀራል?» የሚለው የተሻለ መንገድ ይከፍታል።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት አነጋገሩ ራሱ ጥንቃቄ አለው። ተራው ሰው ይሞታል፤ ጻድቅ ያርፋል፤ ሄኖክና ቅዱስ ያሬድ ግን ተሰወሩ እንጂ ሞቱ አይባልም። (የተሰወረውን ሰው መጽሐፍ ሙሉ ይዘቱን ጠብቆ ከመሰወር ያዳነው ግዕዝ መሆኑም የሚያስደንቅ አጋጣሚ ነው።) ሃይማኖት ነፍስን ለዘላለም ሲያኖር ስምንም አልዘነጋም። በፍትሐትና በተዝካር ንጉሡም ገበሬውም በክርስትና ስሙ ይጠራል። ቢያንስ በዚያች ሰዓት ስም የሌለው ሙት የለም።

ሥነ ጽሑፍ እንዲህ ለጋስ አይደለም። በሜሶፖታሚያ የሸክላ ጽላቶች ላይ የተጻፈው የጊልጋሜሽ ታሪክ ስለ አለመሞት ከተጻፉት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ነው። የኡሩክ ንጉሥ ጊልጋሜሽ ወዳጁ ኤንኪዱ ሲሞትበት የሞትን መድኃኒት ፍለጋ እስከ ዓለም ዳርቻ ይጓዛል፤ ወጣትነትን የሚመልሰውን ተክል አግኝቶ ሲመለስ እባብ ይነጥቀዋል። ባዶ እጁን ወደ ከተማው ደርሶ ለመርከበኛው የሚያሳየው ያሠራውን ቅጥር ነው። ከንጉሡ የሚቀረው እንግዲህ ሥራው ነው ማለት ነው። ነገር ግን ጡቡን ያቦካ፣ የተኮሰ፣ የደረደረ ማን ነበር? የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በንጉሡ ስም ሲጠሩ ዐለቱን ከጠረቡት የብዙዎቹ ስም አልተጻፈም፤ ትውፊትም የድካማቸውን እኩሌታ በሌሊት ለሚሠሩ መላእክት ሰጥቶባቸዋል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ብሂል እውነትነቱ ለጥቂቶች ነው።

ሳይንስ ወደዚህ ጉዳይ የገባው ባልታሰበ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ሄንሪዬታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት በማኅፀን በር ካንሰር ታማ ሆስፒታል ገባች። የአምስት ልጆች እናት ነበረች። ሐኪሞች ከዕባጩ ቅንጣት ሥጋ ሲወስዱ ያስፈቀዳት አልነበረም። እስከዚያ ጊዜ በብልቃጥ የሚራቡ የሰው ሕዋሳት ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር፤ የእሷ ግን በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ እጥፍ እየሆኑ ቀጠሉ። እሷ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ቀን፣ በ31 ዓመቷ ሞተች። ሕዋሳቷ የፖሊዮን ክትባት ለመፈተን ረዱ፣ ወደ ጠፈርም ተላኩ፤ ዛሬም በብዙ አገሮች ቤተ ሙከራዎች ይራባሉ።

ለምን አልሞቱም? ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በ1961 እንዳሳዩት ጤነኛ የሰው ሕዋስ 50 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መከፈሉን ያቆማል። በክሮሞሶሙ ጫፍ ያለው ቴሎሜር በየክፍፍሉ ያጥራልና። ቴሎሜሬዝ የተባለው ኢንዛይም ጫፉን መልሶ ያስረዝማል፤ የዚህ ግኝት ባለቤቶች በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በሄንሪዬታ ዕባጭ ውስጥ ይህ ኢንዛይም ያለ እረፍት ይሠራ ነበር። ስለዚህ ሕዋሱን አልሞት ያሰኘው በሽታው ነው። ሴትዮዋን የገደለውና ሥጋዋን ሕያው ያደረገው አንድ ነገር ነው። በጊዜው መቆምን እምቢ ያለ ሕዋስ የሚኖርበትን አካል ያፈርሳል።

ታዲያ በብልቃጡ ውስጥ ያለችው ሄንሪዬታ ናትን? ሕዋሱ የልጆቿን ስም አያውቅም። ከሁለቱ ስሞቿ መነሻ ፊደላት «ሄላ» ተብሎ ሲጠራ፣ የራሷ ስም ለረጅም ጊዜ «ሄለን ሌን» እየተባለ በስሕተት ይጻፍ ነበር። ቤተሰቧ ነገሩን የሰማው ከሞተች ከ20 ዓመታት በኋላ ነው። በዚህ መካከል ሕዋሳቱ ተሸጠው ተገዝተዋል።

ለብዙ ሺ ሕሙማን ከጠቀመ ስሟ ቢቀር ምን ይጎዳል የሚል አይጠፋም። ክርክሩ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ ክትባት የዳነው ሕፃን የማን ሕዋስ እንደረዳው አይጠይቅም። ሆኖም ራሱን ለሌሎች የሰጠ ሰውና ሳያውቅ የተወሰደበት ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስሙን እንኳ አስቀርቶ ሊሰጥ ይችላል፤ ስጦታው የራሱ ነውና። ሁለተኛው ግን ስሙ ካልተጠራ የተወሰደበት ነገር መኖሩ እንኳ አይታወቅም።

ወራሾቿ ከአንድ ኩባንያ ጋር የነበራቸው ክርክር በስምምነት ያለቀው በ2023 ነው። ሄንሪዬታ በተቀበረችበት የቨርጂኒያ ገጠር፣ በቤተሰቡ መካነ መቃብር፣ ስሟ የተቀረጸበት ድንጋይ የቆመው በ2010 ነበር። እስከዚያ ድረስ 60 ዓመት ለሚሞላ ጊዜ መቃብሯ ምልክት አልነበረውም።